በካርቱም ግቢ የተተከሉ የፍራፍሬ ዛፎች፦ ተካዩ ማን ነበር?

በዚህ ዕትም የታሪክ ዓምዳችን ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ ብቻ አያወራም። የምናወራው ስለ ሎሚ፣ ስለ ዘይቱን፣ ስለ ማንጎና ስለ ተምር ነው። «ይሄ የግብርና እንጂ የታሪክ ትምህርት ነው እንዴ?» የሚል ተማሪ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው፤ ዛፍ በራሱ እግር አይሄድም። አንድ ዛፍ ከበቀለበት አገር ርቆ ከተገኘ ያመጣው ሰው አለ፣ የተከለው ሰው አለ፣ ያጠጣውም ሰው አለ ማለት ነው። ሰው ባለበት ደግሞ ታሪክ አለ።

ሌላም ምክንያት አለን። ካምፕ ውስጥ ችግኝ ይዘን ስንዞር ደጋግመን የምንሰማው ቃል አለ፤ «ነገ ለምንለቀው ቦታ ዛፍ መትከል ምን ዋጋ አለው?» ይሉናል። ጎመን ቢሆን በሁለት ወር ይደርሳል። ማንጎ ግን ዓመታት ይፈልጋል፤ ስደተኛ ደግሞ ዓመት መቁጠር አይወድም፣ ቢቆጥርም በሆዱ ነው። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በስብከት የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ ብዙዎቻችን የኖርንባትን ካርቱምን እንደ ምሳሌ ወስደን፣ የፍራፍሬ ዛፍ እዚያ እንዴት እንደገባ፣ ማን እንደተከለውና ማን እንደበላው እስቲ እንመልከት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አፈሩ ከየት መጣ?

ካርቱም የቆመችው ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ቦታ ነው። ነጭ አባይ ከደቡብ ይመጣል፤ የእኛው አባይ ደግሞ ከምሥራቅ ይመጣል። ከተማዋ በረሃማ ናት። በዓመት የምታገኘው ዝናብ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሙቀቱ 40 ዲግሪን አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ እዚያ በዝናብ ብቻ የሚያፈራ ሎሚ የለም። የካርቱም ፍራፍሬ የወንዝ ልጅ ነው።

ወንዙ የሚያመጣው ደግሞ ውሃ ብቻ አይደለም። አባይ ክረምት ሲገባ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎና ከወለጋ ተራሮች የታጠበውን አፈር ተሸክሞ ይወርዳል። ትልቁ ግድባችን ከመሠራቱ በፊት በዓመት ወደ ሱዳን የሚሻገረው ደለል ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ይገመት ነበር። ውሃው ሲሸሽ ደለሉ ዳርና ዳር ይቀራል። ሱዳኖች ይህን ጎርፍ የሸሸበት ለም መሬት ጀርፍ ይሉታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የኖሩበት ጀሪፍ የሚባለው የካርቱም ሠፈር ስሙ የተዛመደው ከዚሁ ቃል ጋር ነው። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እያልን እንተርታለን። ግንዱስ ይሁን፤ አፈሩ ግን ማደሪያ አግኝቷል፤ ካርቱም ላይ ሎሚ ሆኗል።

በዚሁ ወንዝ ራስጌ፣ አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ፣ የዘጌ ደሴተ ገብ መሬት አለ። እዚያ ገዳማቱ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ዛፍ የተከበቡ ናቸው። የአካባቢው ትውፊት እነዚህን ተክሎች ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ጋር ያያይዛቸዋል። እንግዲህ በአንድ ወንዝ ራስጌም ግርጌም ሎሚ የሚተክል ሰው ነበረ ማለት ነው።

በካምፕነት የተጀመረች ከተማ

ተማሪዎቻችን ልብ ይበሉ፤ ካርቱም ራሷ የተጀመረችው በካምፕነት ነው። በ1821 የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር ሱዳንን ወረረ። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ወንዞቹ በሚገናኙበት ስፍራ የጦር ሠፈር ተተከለ። ቤቶቹ የሣር፣ የቆዳና የጭቃ ነበሩ። ከ1826 እስከ 1838 የገዛው ኹርሺድ ፓሻ ሕዝቡ በጡብ እንዲሠራ አደፋፈረ፤ ሠፈሩም ቀስ በቀስ ከተማ፣ ከዚያም የግዛቱ መዲና ሆነ። ከኹርሺድ በፊት ለአጭር ጊዜ የገዛው ማሑ ቤይ ከከተማው ደቡብ በአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ይሠፍር ነበር። ዛፉ «የማሑ ቤይ ዛፍ» ተባለ፤ ዛሬ አል-ሸጀራ፣ ማለትም «ዛፏ»፣ የሚባለው ሠፈር ስም ከዚያ የመጣ ነው።

ሹማምንቱና ነጋዴዎቹ በአባይ ዳር የአትክልት ቦታ ያዙ። ሱዳኖች ጀነይና ይሉታል። በ1848 የመጡት የካቶሊክ ሚሲዮናውያንም ወንዙ ዳር የታወቀ አትክልት ነበራቸው። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ሮማን፣ በለስ፣ ወይንና ተምር በዚያ ዘመን ከካርቱም ጓሮዎች የማይጠፉ ነበሩ።

ውሃውን ማን ያወጣው ነበር? በሳቂያ ነው የሚወጣው። ሳቂያ በበሬ የሚዞር የእንጨት መንኮራኩር ነው፤ ዙሪያውን የሸክላ እንስራዎች ታስረውበት ከወንዙ እየቀዱ ወደ ቦይ ይገለብጣሉ። በሬውን የሚነዳ፣ ቦዩን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ቀንና ሌሊት ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ካርቱም የባሪያ ንግድ ከተማ ነበረች። ከደቡብ ሱዳን፣ ከኑባ ተራሮች፣ በመተማና በገላባት በኩልም ከአገራችን የተፈነገሉ ሰዎች ይሸጡባት ነበር። የአትክልቱ ባለቤት ስም ተጽፎ ሲቀር የአጠጪው ስም አልተጻፈም። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

በጥር 26 ቀን 1885 የማሕዲ ጦር ከተማዋን ያዘ፤ ገዥው ጎርደን ተገደለ። በዓመቱ፣ በ1886፣ ኸሊፋ ዐብዱላሂ ሕዝቡ ወደ ኦምዱርማን እንዲዛወር አዘዘ። ካርቱም ከአሥር ዓመት በላይ ፍርስራሽ ሆነች። በ1898 የኪችነር ጦር ሲገባ ጣሪያው የወደቀ ቤተ መንግሥት አገኘ፤ ከአጠገቡ ደግሞ ተንከባካቢ ያጣ፣ ጫካ የመሰለ አትክልት ነበረ። ሰው ሸሸ፣ ቤት ፈረሰ፣ ከዛፎቹ ግን የቀሩ ነበሩ።

ስሞቹም ስደተኞች ናቸው

እዚህ ላይ ለቋንቋ መምህራን የሚሆን ነገር አለን። በገበያ የምንጠራቸውን ፍራፍሬዎች ስም ብናይ ከዐረብኛ ጋር የተጎራበቱ ናቸው። ሙዝ በዐረብኛ መውዝ ነው። ሎሚ ሌሙን ነው። ኮክ ኾኽ ነው። ጊሽጣ ቂሽጣ ነው፤ ትርጉሙም ክሬም ማለት ነው፤ የፍሬውን ነጭ ለስላሳ ሥጋ ያየ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም። ሮማን ሩማን፣ ተምርም ተምር ነው። ብርቱካን ደግሞ ከፖርቱጋል አገር ስም የመጣ ነው፤ ጣፋጩን ብርቱካን ያሠራጩት የፖርቱጋል ነጋዴዎች ስለነበሩ።

ከሁሉ የሚያስቀው ዘይቱን ነው። ዐረቦች ዘይቱን የሚሉት ወይራን ነው። እኛ ግን ያንኑ ስም ከአሜሪካ አህጉር ተነሥቶ ባሕር ለተሻገረው ፍሬ ሰጠነው፤ ሱዳኖች እሱን ጀዋፋ ይሉታል። አዲስ የመጣ ስደተኛ ካርቱም ገበያ ገብቶ «ዘይቱን» ቢል የወይራ ፍሬ ይመዝኑለታል። ማንጎም እንዲሁ ከነስሙ ከህንድ ተነሥቶ የመጣ ነው። አገር በቀል የምንለው ስንቱ ነገር መጤ እንደሆነ ከዚህ እንማራለን። መጤው ሥር ሲሰድ «ከየት መጣህ?» የሚለው ይቀራል።

ጄኔራሉ ማንጎ ሆነ

ከ1898 በኋላ እንግሊዞች ካርቱምን በአዲስ ፕላን ሠሯት። ሰፋፊ ጎዳና ቀደዱ፣ በአባይ ዳር የጥላ ዛፍ ደረደሩ፣ ውሃ መሳቢያ ሞተር አስገቡ። ለሹማምንቱ ወንዙን ተከትሎ ሰፊ ግቢ ያላቸው ቤቶች ተሠሩ። የግብርና ትምህርት በሻምባት ተቋቋመ፤ በኋላም የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ እዚያው ሆነ። የተሻሻሉ ፍራፍሬዎች ወደ ሱዳን አትክልቶች የገቡት በዚህ ዘመን ነው።

ማንጎን እንውሰድ። በሱዳን ገበያ የማንጎ ዝርያዎች ስም አላቸው፤ አቡ ሰመካ፣ አልፎንስ፣ ገልብ አል-ቶር (የበሬ ልብ ማለት ነው) ይባላሉ። አንዱ ደግሞ ኪችነር ነው! አገር በጦር ያስገበረው ጄኔራል ሐውልቱ ከካርቱም ተነሥቷል፤ ማንጎው ግን ዛሬም ይበላል።

ከግብፅ የሚነገር ሌላ ታሪክ አለ። የጦር አለቃው አሕመድ ዑራቢ በ1882 እንግሊዞችን ተዋግቶ ተሸነፈና ወደ ሴሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ተጋዘ። ወደ ሃያ ዓመት ገደማ በግዞት ኖሮ በ1901 ሲመለስ የማንጎ ችግኝ ይዞ ገባ ይባላል። ማንጎ በግብፅ ከእሱም በፊት ነበር፤ ሆኖም ሕዝቡ ታሪኩን የሚወደው በከንቱ አይደለም። በጦር ሜዳ ያጣውን በችግኝ አካካሰ ለማለት ነው።

ወንዝ ዳርና ደይም

የካርቱም ፍራፍሬ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። የመኖሪያ መሬት አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ተብሎ ተከፍሎ ነበር። አንደኛ ደረጃ ማለት ሰፊ ግቢ፣ የውሃ ቧንቧና የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ሠራተኛው ሕዝብ የሚኖርበት ደይም ግን ጠባብ ነበር። በ1949 እና በተከታዮቹ ዓመታት የድሮዎቹ ደይሞች ፈርሰው ነዋሪው ወደ አዲሱ ደይም ሲዛወር የተሰጠው ቦታ ትንሽዬ ነበር። ቢሆንም በሖሹ (ሱዳኖች ግቢን እንዲህ ነው የሚሉት) ጥግ፣ የዚሩ ውሃ በሚንጠባጠብበት ሥር፣ አንዲት ሎሚ የሚተክል አልጠፋም። ካርቱም የኖረ ሁሉ ያውቃታል፤ ከሰዓት በኋላ አሸዋው ላይ ውሃ ይረጫል፣ አልጋው ይወጣል፣ ሎሚው ይጨመቃል።

የእኛ ሰዎች ወደዚህች ከተማ በብዛት የገቡት ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። መጀመሪያ በኤርትራ ጦርነት፣ ከዚያም ከ1974 አብዮት በኋላ፣ ከዚያም በ1984–85 ረሃብ የተሰደደው መጣ። ደይም፣ ጀሪፍና ሰሐፋ አማርኛና ትግርኛ የሚሰማባቸው ሠፈሮች ሆኑ። የሥራው ዓይነት የታወቀ ነበር። እህቶቻችን በሰው ቤት ሠሩ፣ ሻይና ቡና ሸጡ፤ ወንድሞቻችን በጥበቃና በአትክልተኝነት ተቀጠሩ። ዩኒቨርሲቲ ጀምረን ያቋረጥነውም ከዚህ ዕጣ አላመለጥንም። ጠዋት ተነሥቶ የባለ ፎቁን ማንጎና ግሬፕ ፍሩት የሚያጠጣው እጅ ብዙ ጊዜ ሐበሻ ነበር። በከሰላም በጋሽ ወንዝ ዳር ባሉት የፍራፍሬ እርሻዎች ከእኛው ወገን የቀን ሥራ የሠራ ብዙ ነው።

ሕጉ ምን ይል ነበር? በ1974 የወጣው የሱዳን የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ መሬትና የማይንቀሳቀስ ንብረት በባለቤትነት እንዳይይዝ ደነገገ። ዛፍ ደግሞ ከመሬት ጋር የተያያዘ ነገር ነው። እንግዲህ የሳቂያውን ዘመን አስታውሱ፤ አጠጪው ስም አልነበረውም ብለን ነበር። በሌላ መልክ ተደገመ። ባርነትና ቅጥር አንድ ነው ማለታችን አይደለም፤ ሠራተኛው ደመወዝ አለው፣ መሄድም ይችላል። በዛፉ ታሪክ ውስጥ ግን ሁለቱም አልተጻፉም።

ይሁንና በዚያው በሱዳን ከሕጉ የሚያረጅ ሌላ ልማድ አለ። በሰሜን፣ በአባይ ዳር ባሉ የኑቢያ መንደሮች፣ አንድ የተምር ዛፍ ለብዙ ሰዎች ይከፈላል። የመሬቱ ባለቤት ድርሻ አለው። ቡቃያውን ያመጣው ድርሻ አለው። እስኪጸድቅ ድረስ ያጠጣውም ድርሻ አለው። ፍሬው ሲደርስ ዘለላው በየድርሻው ይከፈላል፤ ድርሻውም ለልጅ ልጅ ይወረሳል። ከዚህ በላይ ፍትሕ የምናስተምርበት ምሳሌ ከየት እናመጣለን?

ጎርፍና ጦርነት

ሁለቱ ወንዞች በሚገናኙበት መካከል የቱቲ ደሴት አለች። ሎሚዋና አትክልቷ የታወቀ ነው፤ በ2009 ድልድይ እስኪከፈትላት ድረስ ከከተማው የምትገናኘው በጀልባ ብቻ ነበር። በ1946 ታላቅ ጎርፍ ነዋሪዎቿ ደሴቲቱን ለቃችሁ ውጡ ሲባሉ እምቢ ብለው በእጃቸው ግድብ ሠርተው ተከላከሉ። በ1988 እና በ2020 ደግሞ ካርቱም ዳግመኛ ተጥለቀለቀች። ጎርፍ ለዛፍ ሁለት ፊት አለው፤ ደለል ይሰጣል፣ ውሃው ከቆየ ግን ሥር ያፍናል። በተለይ ፓፓያ ውሃ በተኛበት ቦታ ቶሎ ይበሰብሳል።

ከጎርፍ የባሰው በሚያዝያ 15 ቀን 2023 መጣ። ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሣ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የባሕሪ የውሃ ማጣሪያ ሥራ አቆመ፤ ቧንቧ ደረቀ። ወደ መቃብር ስፍራ መሄድ ስላልተቻለ ሰዎች ሟቾቻቸውን በሖሻቸው ቀበሩ፤ የፍራፍሬው ግቢ መቃብር ሆነ። ቱቲም ተከብባ ነዋሪዎቿ ለቀው ወጡ። አጠጪ ያጣ ሎሚ በአንድ በጋ ይደርቃል።

የዚያን ጊዜ ነው የታሪክ መንኮራኩር እንደ ሳቂያ የዞረው። ባለቤቱም አጠጪውም አብረው ተሰደዱ። ከካርቱም የሸሹ ሱዳኖች መተማን ተሻግረው በአማራ ክልል ኩመርና አውላላ በሚባሉ የመጠለያ ሠፈሮች ገቡ። እኛ በእነሱ አገር ስደተኛ፣ እነሱ በእኛ አገር ስደተኛ ሆንን። በመጋቢት 2025 የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላ ወደ ቤቱ የተመለሰ አለ። ተመላሹ ግቢውን ከፍቶ ሲገባ የሚያየው ወይ የደረቀ ግንድ ነው፣ ወይ ሥሩን ወደ ታች ሰድዶ የቆየ ተምር።

ታዲያ ለእኛስ?

ወደ ጥያቄው እንመለስ፤ «ነገ ለምንለቀው ቦታ ዛፍ መትከል ምን ዋጋ አለው?» ከካርቱም ታሪክ የምናገኘው መልስ ሁለት ነው።

አንደኛ፣ ነገ እንሄዳለን ብለው ሳይተክሉ አሥርና ሃያ ዓመት የኖሩ ብዙ ናቸው። ቢተክሉ ኖሮ ልጆቻቸው ይበሉ ነበር። ፓፓያ በዓመት ገደማ ያፈራል። ዘይቱን በሁለት ሦስት ዓመት ያፈራል። ሎሚ ከዘር ከተነሣ ሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ ማንጎ ከዘር ከአምስት ዓመት በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ቆይታውን የማያውቅ ሰው ከፓፓያ ይጀምር። ፓፓያ ወንድና ሴት ስላለው በአንድ ጉድጓድ ሦስት ፍሬ ዘርቶ፣ ሲያብብ የሚያፈራውን መተው ነው። የተምርን ፍሬ ግን ባይዘሩት ይሻላል፤ ከዘር የሚወጣው ወንድ ይሁን ሴት እስኪያብብ አይታወቅም፤ ስለዚህ ገበሬው ከእናቲቱ ሥር የሚበቅለውን ቡቃያ ነው የሚነቅለው።

አተካከሉም ይህን ያህል ከባድ አይደለም። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ፤ የላይኛውን አፈር ለብቻ አኑሩና ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱት። አፈሩ ሲርስ የሚጣበቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ከሆነ ችግኙን ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ትከሉ። ውሃ ለሌለን ለእኛ ደግሞ ጥሩ ዘዴ አለ፤ ያልተቀባ ሸክላ ከችግኙ አጠገብ አንገቱ ድረስ ቀብሮ ውሃ መሙላትና መክደን ነው። ውሃው ቀስ እያለ በሸክላው ግድግዳ ያልፋል፤ ፀሐይ አይወስደውም። ሳሙና ያልበዛበት የእጅ መታጠቢያ ውሃም አይደፋ። ከሁሉም በላይ ግን አጥር! የካምፕ ችግኝ ቀንደኛ ጠላት በረሃው ሳይሆን የጎረቤት ፍየል ነው። አተካከሉን ለቦታው ኃላፊዎች አስቀድሞ መንገርም አይዘንጋ።

ሁለተኛው መልስ ከሆድ ያልፋል። ካርቱም ላይ ያየነው ሁሉ የሚለን አንድ ነገር ነው፤ ተካዩ ብዙ ጊዜ በላተኛው አልነበረም። እንግሊዝ ያስገባውን ሱዳናዊ በላው፤ ሱዳናዊው የተከለውን ሐበሻ አጠጣው፤ እኛ የምንተክለውንም የማናውቀው ሕፃን ይበላዋል። ይህ ኪሣራ ነው የሚል ካለ አንከራከረውም፤ የተካይን ስም አለመጻፍ ግን ከኪሣራም የባሰ በደል ነው።

ስለዚህ መምህራን ይህን የክፍል ሥራ እንድትሰጡ እንጠይቃለን። እያንዳንዱ ተማሪ በካምፑ ያለ አንድ ዛፍ ይምረጥ። ማን እንደተከለው፣ መቼ እንደተተከለ፣ ማን እንዳጠጣውና ችግኙ ከየት እንደመጣ ሽማግሌዎችንና እናቶችን ጠይቆ በደብተሩ ይጻፍ። ተካዩ ወደ ሦስተኛ አገር ሄዶ ወይም አርፎ ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ግን ይጻፍ። የአካባቢው ሱዳናዊ የተከለው ከሆነም እንዲሁ ይጻፍ። ደብተሩ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ የካምፑ የመጀመሪያ የታሪክ መጽሐፍ ይሆናል።

የአባይ ዳር ገበሬዎች ዛፍን ለሦስት እንደሚካፈሉ አይተናል፤ ለመሬት፣ ለቡቃያ፣ ለውሃ። መሬቱ የእኛ አይደለም። ቡቃያውና ውሃው ግን ከእጃችን ነው፤ ከሦስት ድርሻ ሁለቱ ማለት ነው። ቸር ይግጠመን።